ከብት ቀንሱ ከመባላችን በፊት ግራፉን አብረን እናንብበው

ለተከበሩ የወረዳችን የእንስሳት ሀብት ልማት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ለጽሕፈት ቤቱ ባለሙያዎች፣
ጉዳዩ ለሚመለከታቸው የዞንና የክልል ኃላፊዎች፤

ጤና ይስጥልን።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በምሥራቅ ጎጃም ከጮቄ ተራራ ግርጌ የምንኖር፣ ላም አልበን፣ ወተትና ቅቤ ሸጠን ልጆቻችንን የምናስተምር የአንድ ትንሽ ማኅበር አባላት ነን። ማኅበራችን ሁለት ነገር ጠይቋችሁ ነበር። አንደኛው በሩ ከተዘጋ የቆየው የቀበሌ መጋዘን ለመኖ ማቀነባበሪያ በኪራይ እንዲሰጠን ነው። ሁለተኛው የተዳቀሉ ጊደሮች ለመግዛት ለምንጠይቀው ብድር የድጋፍ ደብዳቤ እንድትጽፉልን ነው። መልሳችሁ ዘግይቶ በአንድ አንቀጽ ደረሰን። የሀገራችን የግብርና ሚቴን (ከከብት የሚወጣ ሙቀት አማቂ ጋዝ) ልቀት ከዓመት ዓመት እየጨመረ በመሆኑ፣ የከብት ቁጥር የሚያበዛ ሥራ ለጊዜው አይደገፍም ይላል።

ሐሳቡ ከየት እንደመጣ አልጠፋንም። ከመልሱ ትንሽ ቀደም ብሎ በወረዳው አዳራሽ በተሰጠው ሥልጠና ላይ አንድ ግራፍ ታይቶ ነበር። ቀዩ መስመር ኢትዮጵያ፣ ሰማያዊው ኒውዚላንድ። ቀዩ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሽቅብ ይወጣል፤ ሰማያዊው ግን ብዙም ሳይወጣ ሳይወርድ ይሄዳል። አሠልጣኙ «እነሱ ተቆጣጥረውታል፣ እኛ ግን ከብት እናበዛለን» አሉ። ሻይ ተጠጣ፣ አበል ተከፈለ፣ ተበተንን። ከዚያ ወዲህ በየቀበሌው ስብሰባ የሚነገረን ይኸው ሆኗል።

ግራፉን ሐሰት ነው አንልም። ከአባላቱ ልጆች መካከል ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ስላሉ ቁጥሩን አገላብጠውልናል፣ መስመሮቹ ከሞላ ጎደል ልክ ናቸው። የምንቃወመው አነባበቡን ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ያ አነባበብ ወደ ውሳኔ ተቀይሮ በእኛ ላይ መውረዱን።

ስለ ሚቴን ለእናንተ ማስተማር ድፍረት ይሆንብናል፤ ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነና ሌላም ሰው ስለሚያነበው ግን ባጭሩ እንበል። ላም፣ በሬ፣ በግና ፍየል የበሉትን ሣርና ገለባ በጨጓራቸው ውስጥ የሚያብላሉ ረቂቅ ተሕዋስያን አሉ። ሲያብላሉ ሚቴን ይፈጠራል፤ አብዛኛው የሚወጣውም በግሳት ነው። በመኖው ውስጥ ካለው ኃይል ከመቶ ስድስት ሰባት እጁ በዚህ መንገድ ይባክናል፤ ገለባው ደረቅና ድሃ ሲሆን ብክነቱ ይብሳል። ሚቴን በአየር ላይ የሚቆየው 12 ዓመት ገደማ ቢሆንም፣ በ100 ዓመት ሲሰላ ሙቀት የማመቅ ኃይሉ የካርቦን ዳይኦክሳይድን 27 እጥፍ ያህል ነው፤ በ20 ዓመት ሲሰላ ደግሞ ወደ 80 እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ነገሩን አቅልሎ የሚያይ ሰው በመካከላችን የለም። ዝናብ ሲዛነፍ ቀድሞ የሚጎዳው ገበሬ መሆኑን ለማወቅ ሥልጠና አላስፈለገንም።

የመጀመሪያው ቅሬታችን ግራፉ ምን እንደሚለካ ሳይነገረን መቅረቱ ነው። በጮቄ ሥር የማንም ላም ግሳት ተለክቶ አያውቅም። የኢትዮጵያ መስመር የተሠራው የከብቱን ቁጥር በአንድ ቋሚ አኃዝ በማባዛት ነው። የአየር ንብረት ለውጥን የሚያጠናው የመንግሥታት ጉባኤ፣ በተለምዶ አይፒሲሲ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ መሠረት በአፍሪካ አንዲት የወተት ላም በዓመት 46 ኪሎ፣ ሌላው ከብት 31 ኪሎ ሚቴን እንደሚያወጣ ይገመታል። በዚያው መመሪያ ኒውዚላንድ ለምትገኝበት ለኦሽንያ አካባቢ የተቀመጠው ለወተት ላም 90፣ ለሌላው ከብት 60 ኪሎ ነው። እንግዲህ አንድ በአንድ ከተወዳደርን የእኛ ላም ግሳት ከእነሱ ላም ግማሽ ያህል ነው። የእነሱ ላም ጠግባ ስለምትበላና አካሏም ትልቅ ስለሆነ ብዙ ታገሳለች። ይህ በሥልጠናው ላይ አልተነገረም።

ከዚህ የሚከተል ሌላም ነገር አለ። አኃዙ ቋሚ ስለሆነ፣ ነገ ሁላችንም ገለባችንን በዩሪያ አክመን፣ ደሾ ሣር ተክለን፣ ከብቶቻችንን በወቅቱ አስከትበን ብናሻሽል መስመሩ አያየንም። የሚያየው ራስ መቁጠርን ብቻ ነው። ኒውዚላንድ ግን የራሷን እንስሳት ክብደት፣ የወተት ምርትና የመኖ ጥራት በየዓመቱ እያስገባች በዝርዝር ታሰላለች። እንዲህ በተለያየ ዘዴ የተገኙ ሁለት መስመሮችን ጎን ለጎን አድርጎ «እነሱ ጎበዞች፣ እናንተ ሰነፎች» ማለት ፍርድ አይሆንም።

ወደ ጊዜው እንምጣ። ቀዩ መስመር ለምን ወጣ? እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሀገራችን ቀንድ ከብት 30 ሚሊዮን ገደማ ነበር። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ቆጠራ እ.ኤ.አ. ለ2020/21 የሰጠው ቁጥር 70 ሚሊዮን ነው። ከእጥፍ በላይ ሆኗል፣ እውነት ነው። የከፊሉ ምክንያት ግን አቆጣጠሩ ነው፤ በቀደሙት ዓመታት የናሙና ቆጠራው የአፋርንና የሶማሌን አርብቶ አደር አካባቢዎች ሙሉ በሙሉ አይሸፍንም ነበር። ዋናው ምክንያት ግን ሰው ነው። ያኔ 53 ሚሊዮን ገደማ የነበረው ሕዝብ ዛሬ ከ120 ሚሊዮን አልፏል። ለአንድ ሰው የሚደርሰውን ከብት ብታሰሉት ያኔም ዛሬም ከግማሽ ከብት ብዙ የሚርቅ አይደለም። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ኢትዮጵያዊው ከብት አላበዛም፤ ኢትዮጵያውያን በዙ እንጂ። ጎጆ የወጣ ልጅ መሬቱን የሚያርስበት ጥማድ በሬ ይፈልጋል፤ በሬ ደግሞ ከላም ነው የሚወለደው። ይህን ለእንስሳት ሀብት መሥሪያ ቤት መንገር እንዳለብን ባናስብም ነገርናችሁ።

ሰማያዊው መስመርስ ለምን ተኛ? አሠልጣኙ «ተቆጣጥረውታል» ያሉት ነገር ታሪኩ ሌላ ነው። ኒውዚላንድ የበግ ሀገር ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1982 የበጎቿ ቁጥር 70 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። በ1984 መንግሥታቸው ለገበሬ ይሰጥ የነበረውን ድጎማ ሲያነሣና የሱፍ ገበያም ሲቀዘቅዝ በጉ እየቀነሰ ሄደ፤ ዛሬ ከ25 ሚሊዮን አይበልጥም። በበጉ ፋንታ የወተት ላም መጣ። በ1990 3.4 ሚሊዮን ያህል የነበረው የወተት ከብታቸው በ2014 አካባቢ 6.7 ሚሊዮን ደርሶ ከዚያ ወዲህ በመጠኑ ቀነሰ። በግ ሲወርድ ላም ወጣ፤ ድምሩ ባለበት ቆመ። ሚቴን ይቀንሳል ብሎ በጉን የሸጠ ገበሬ አልነበረም፤ ገበያው ነው የወሰነው። ከወተታቸው 95 በመቶው ገደማ ለውጭ ገበያ የሚሄድ ነው።

መስመሩ የተኛውም ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው። ኒውዚላንድ አምስት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ይዛ ከእንስሳቷ በዓመት ከ1 ሚሊዮን ቶን ትንሽ ከፍ ያለ ሚቴን ታወጣለች። እኛ በአይፒሲሲ ቋሚ አኃዝ ስናባዛ፣ በግ፣ ፍየልና ግመል ተጨምሮ፣ ወደ 3 ሚሊዮን ቶን እንመጣለን። በጠቅላላው እንበልጣለን። ለአንድ ሰው ሲካፈል ግን ለአንድ ኒውዚላንዳዊ ከ200 ኪሎ በላይ ሲሆን ለአንድ ኢትዮጵያዊ 30 ኪሎ አይሞላም። ሠላሳ ሰው የሚበላበት ቤት ጭስ ከሁለት ሰው ቤት ጭስ ቢበዛ ማን ይፈርድበታል?

አንድ ነገር እንጨምር፤ ይህኛው ከሁሉም የሚከነክነን ነው። በዓለም አቀፉ የልቀት አመዘጋገብ «ግብርና» የሚለው ዓምድ የትራክተርን ነዳጅ አይጨምርም፤ ያ የሚመዘገበው ኃይል በሚለው ዓምድ ነው። የእኛ ትራክተር ግን በሬ ነው። ጭሱ በሙሉ ግብርና በሚለው ሥር ይጻፋል። ሲያርስ፣ ሲያበራይ፣ ፍግ ሲሰጥ፣ ኩበቱ ማገዶ ሲሆን የሚሰጠው አገልግሎት የትም አይቆጠርለትም፤ ግሳቱ ብቻ ይቆጠርበታል። የነጮቹ ማሽን የሚያጨሰው በሌላ መዝገብ ነው። እንግዲህ ሁለቱን «ግብርና» የሚሉ ዓምዶች አጋጥሞ ማየት ገበሬን ከገበሬ ማወዳደር አይደለም።

እስካሁን ያልነው ለራሳችን ያጋደለ እንዳይመስል፣ እኛ ላይ የሚፈርደውን ቁጥር እኛው እናውጣው። የሀገር ውስጥ ዝርያ ላማችን በቀን በአማካይ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ትታለባለች፣ ያውም ስድስትና ሰባት ወር ቢሆን ነው። በዓመት 300 ሊትር አይሞላም እንበል። 46 ኪሎ ሚቴን ለ300 ሊትር ሲካፈል በአንድ ሊትር ወተት 150 ግራም ያህል ይደርሳል። የኒውዚላንዷ ላም በዓመት ከ4,000 ሊትር በላይ ስለምትሰጥ 90 ኪሎዋ ተካፍሎ በሊትር 22 ግራም ቢሆን ነው። ሂሳቡ በእኛ እጅ የተሠራ ነው፤ ሰባት እጥፍ ያህል ልዩነት መኖሩን ግን ያሳያል። በዚያ ላይ የእኛ ጊደር የመጀመሪያ ጥጃዋን የምታየው ከአራት ዓመት በኋላ ነው፤ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ ብትወልድ ደግ ነው። የእነሱ በሁለት ዓመቷ ወልዳ በየዓመቱ ትወልዳለች። የእኛዋ ወተት ሳትሰጥ የምትኖርባቸው ዓመታት በሙሉ የግሳት ዓመታት ናቸው።

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ከራሷ ከኒውዚላንድ የግብርና ሙቀት አማቂ ጋዞች ምርምር ማዕከል ጋር ሆኖ የኢትዮጵያን የወተት ዘርፍ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2017 አውጥቷል። በጥናቱ መሠረት ለአንድ ኪሎ ወተት የሚወጣው ልቀት በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲተመን በሀገር ደረጃ በአማካይ 24 ኪሎ ገደማ ነው፤ በኒውዚላንድ ከ1 ኪሎ ብዙም አይርቅም። ከሁሉም የሚብሰው አርብቶ አደሩ ነው፤ የእኛን የሚያህለው በእርሻና በከብት ተደባልቆ የሚኖረው ገበሬ ከአማካዩ በመጠኑ ያነሰ ነው፤ የተዳቀሉ ላሞች ያሏቸው ትናንሽ የወተት ድርጅቶች ደግሞ ከአማካዩ በጣም ያነሰ ነው። መፍትሔ ብሎ ያስቀመጠው የተሻለ መኖ፣ የእንስሳት ጤናና የተሻለ ዝርያ ነው።

የተከበሩ ኃላፊ፣ እኛ የጠየቅናችሁ መጋዘን ለመኖ ነው፤ የጠየቅናችሁ ብድር ለዝርያ ነው። በኒውዚላንድ ስም የከለከላችሁን የኒውዚላንድ ባለሙያዎች የመከሩትን ነው።

አሁን የደረሰብንን ጉዳይ በጉዳይ እንንገራችሁ።

መጋዘኑ ዛሬም ባዶ ነው። ጣሪያው በአንድ በኩል ተነቅሏል፤ ልንጠግነውም ፈቃደኛ ነበርን። ባይፈቀድልን ፋጉሎና ፉርሽካ እያንዳንዳችን ከነጋዴ በችርቻሮ፣ በመኪና ኪራይ ላይ ኪራይ እየጨመርን እንገዛለን። በጅምላ ገዝተን፣ ከእንግዶና ከገብስ ገለባ ጋር መጥነን፣ ሞላሰስ ጨምረን ለአባላት ብናከፋፍል ወጪው ይቀንሳል፤ ላሟም ገለባ ብቻ በልታ አታድርም። አንድ መጋዘን በአየር ንብረት ላይ ምን ጉዳት ያደርሳል ተብሎ ቢጠየቅ የሚመልስ ባለሙያ አላገኘንም።

የማዳቀል አገልግሎቱን በተመለከተ፣ ላም ኮርማ የምትፈልገው በየ21 ቀኑ ለጥቂት ሰዓታት ነው፤ ያ ካለፈ ሌላ 21 ቀን ነው። ባሏ የሞተባት አንዲት አባላችን ጊደሯ ስትፈልግ ወደ እንስሳት ጤና ኬላው ሮጠች፤ የኮርማ ዘር ቀዝቅዞ የሚቀመጥበት ፈሳሽ ናይትሮጅን አልቋል ተባለች። በሚቀጥለው ዙር ቴክኒሻኑ ሥልጠና ላይ ናቸው ተባለ። በሦስተኛው መንገድ ተዘግቶ ነበር፤ ይህኛው የእናንተ ጥፋት እንዳልሆነ እናውቃለን፣ የጊዜው ነገር ነው። በመጨረሻ የጎረቤት ኮርማ አገኛት። የተወለደው ጥጃ እንደ እናቱ ነው። እነዚያ ያለፉ ወራት በሙሉ ጊደሯ በላች፣ አገሳች፣ ወተት ግን አልተገኘባትም። ስለ ሚቴን የምር የሚጨነቅ መሥሪያ ቤት ቢኖር የናይትሮጅን ጋኑን ነበር ቀድሞ የሚሞላው።

የጋራ ግጦሻችን የባሰ ነው። ሦስት ጎጥ የሚጋራው መስክ በችግኝ ተከላ ስም ታጠረ፤ የተተከለው በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ሲታጠር «ሣሩን እያጨዳችሁ ትወስዳላችሁ» ተብለን ነበር። ባሕር ዛፍ ሥር ምን ሣር ይበቅላል? ላም አለኝ በሰማይ ሆነብን። ከብቱ ወደ ገደል አፋፍና ወደ ማሳ ዳር ተገፋ፤ ጎረቤት ከጎረቤት በእህል መበላት ሽማግሌ እስከ መቀመጥ ደረሰ። ዛፉ ካርቦን ይይዛል ተባልን። ይያዝ፤ ግን ማን አማከረን? ሣሩን ያጣ ከብት በገለባ ብቻ ሲኖር ለአንድ ሊትር ወተት የሚያወጣው ሚቴን እንደሚጨምርስ ማን አሰላው?

ሌላው ወሬው ያደረሰው ጉዳት ነው። እናንተ በጽሑፍ «ከብታችሁን ሽጡ» አላላችሁም፤ ትክክል ነው። ነገር ግን ከሥልጠናው በኋላ በአንድ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ከብት የሚያበዛ ሰው ለምርጥ ዘርና ለሌላም ድጋፍ ተራው ወደ ኋላ እንደሚሆን ተነገረ። የተነገረው በቃል ስለሆነ ማስረጃ የለንም ትሉን ይሆናል፤ የሰማው ሰው ግን ብዙ ነው። ከአባሎቻችን አንዱ እርጉዝ ጊደሩን በሰኔ፣ ገበያው በሞተበት ወር፣ ለነጋዴ ሸጠ። ያቺ ጊደር የተዳቀለች ነበረች። ግቢው ውስጥ የቀሩት ሁለት የማይወልዱ አሮጊት ላሞችና አንድ ወይፈን ናቸው። ሚቴን ለመቀነስ ቢታሰብ የሚሸጠው የቱ ነበር?

እንግዲህ ፖሊሲውንም እንይ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው ለአየር ንብረት የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ የሀገሪቱን የ2010 ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን ገምቶ ከዚያ ውስጥ ከአርባ በመቶ በላይ የሚሆነውን ለእንስሳት ሀብት ሰጥቶታል። ያንኑ ስትራቴጂ ብታነቡት ግን የመከረው ምርታማነትን ከፍ ማድረግ፣ ዶሮን ማስፋፋት፣ የበሬውን ሥራ በከፊል በማሽን መተካት ነው። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋትም ወተት፣ እንቁላልና ማር አብዙ ይለናል። ከላይ «ወተት አብዙ» ይመጣል፣ ከወረዳ «ከብት ስለሚበዛ አይቻልም» ይመጣል። መሐል ላይ የቆመው ገበሬ የቱን ይስማ?

ኒውዚላንድን ምሳሌ ካደረጋችሁም ሙሉውን ታሪክ ንገሩን። እ.ኤ.አ. በ2003 መንግሥታቸው በከብት ጋዝ ላይ ለምርምር የሚውል ክፍያ ሊጥል ሲል ገበሬው ትራክተር ይዞ ፓርላማ ድረስ ወጣ፤ ሐሳቡ ተተወ። በ2019 ባወጡት ሕግ ሚቴንን ከሌሎች ጋዞች ለይተው፣ በ2030 ከ2017ቱ መጠን 10 በመቶ ለመቀነስ ግብ አስቀመጡ። በ2022 ገበሬው ለልቀቱ እንዲከፍል ዕቅድ ቀረበ፤ በ2024 አዲሱ መንግሥት ግብርናውን ለልቀት ከሚያስከፍለው የልቀት ንግድ ሥርዓት ውጭ አደርጋለሁ ብሎ አሳወቀ። ይህን የምናነሣው እነሱ ልክ ናቸው ለማለት አይደለም፤ እንዲያውም እነሱ በዓለም ገበያ ቅቤ እየሸጡ መክፈል ካልቻሉ ማን ሊከፍል ነው ብለን እንጠይቃለን። ነገር ግን በዚያ ሀብታም ሀገር ገበሬ ላይ ያልተጣለ ዋጋ፣ በአዋጅ ሳይሆን በአንድ አንቀጽ ደብዳቤ፣ በእኛ ላይ ተጥሏል። ብድር ሲከለከል፣ መጋዘን ሲዘጋ፣ ግጦሽ ሲታጠር ከዚህ በላይ ምን ዓይነት ክፍያ አለ?

አንድ ሥጋት እንዳለባችሁ እንገምታለን። የተዳቀለች ላም ገብታ የድሮዎቹም እዚያው ከቀሩ ጠቅላላው ሚቴን ይጨምራል፤ በሊትር መቀነሱ ብቻውን ምድርን አያቀዘቅዝም። ይህ ትክክለኛ ሥጋት ነው፤ በማኅበራችንም ተከራክረንበታል። ክርክሩ ቀላል አልነበረም፤ ከብት ለእኛ ባንክም ነው፣ ለክፉ ቀንና ለልጅ ሠርግ ይቀመጣል፣ አንዳንዱ አባላችን «መሲና ላሜን አልሸጥም፣ እናቷ የአባቴ ናት» ብሎ ነበር። በመጨረሻ ግን ስምምነት ላይ ደርሰናል፦ በብድሩ አንዲት የተዳቀለች ጊደር የሚያስገባ አባል፣ ከወለደች በኋላ ባለው ዓመት ከማይወልዱት ወይም ከማይታለቡት ሁለት ከብት ያወጣል። በቃለ ጉባኤ ተፈርሟል፤ ግልባጩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዘናል። የበሬውን ግን አትጠይቁን፤ የሚያርስ ማሽን እስካልመጣ ድረስ በሬ የሌለው ቤት እህል የለውም።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

የላካችሁልን የአንድ አንቀጽ መልስ ተሽሮ ጥያቄያችን በመኖና በዝርያ ማሻሻያነቱ እንደገና ይታይ። መጋዘኑ በኪራይ ይሰጠን፣ ጥገናው በእኛ ወጪ ይሁን። ለብድሩ የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፍልን፤ ሁለት ለአንድ የሚለው ስምምነታችን እንደ ቅድመ ሁኔታ ቢገባበት አንቃወምም።

ለማዳቀል አገልግሎቱ ናይትሮጅን የሚደርስበት ቀን በየወሩ በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ፤ ቴክኒሻኑ በማይኖሩበት ጊዜም ተተኪ ይመደብ። መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ የሚሆን የተመረጠ ኮርማ በማኅበራችን ኃላፊነት እንዲቀመጥ ይፈቀድ።

የታጠረውን ግጦሽ በሚመለከት ሦስቱ ጎጦች የሚገኙበት ስብሰባ ተጠርቶ፣ ቢያንስ ረግረጉና ለጥ ያለው ክፍል ለሣር ልማት ይመለስልን። ባሕር ዛፉ በገደላማው ላይ ይቆይ፤ በዚያ ላይ ክርክር የለንም።

ሥልጠናው ከነግራፉ ይደገም። በሚደገምበት ጊዜ ግን ለአንድ ሰውና ለአንድ ሊትር የተሰላውም ይታይ፣ የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ባለሙያዎችም ይጋበዙ፤ ስለ እኛ ከብት ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ በአካባቢያችን የለም። በቀበሌ ስብሰባ የተነገረው፣ ከብት ያለው ሰው ድጋፍ አያገኝም የሚለው ቃልም በጽሑፍ ይስተባበል።

የአባላቱን ከብት በዕድሜ፣ በዝርያና በወተት መጠን ለይተን መመዝገብ ጀምረናል። መዝገቡ ለባለሙያዎቻችሁ ክፍት ነው፤ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው በየሩብ ዓመቱ እየመጡ ቢያመሳክሩት ደስ ይለናል። መልሳችሁን ከመጪው ዐቢይ ጾም መግባት በፊት ብታደርሱን እንለምናለን፤ በጾሙ ወተት ገዢ ስለማያገኝና ቤታችን ገንዘብ ስለሚያጥረው፣ መኖውን በጅምላ ገዝተን ማስገባት የምንችለው ከዚያ በፊት ብቻ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣

የማኅበሩ ሊቀ መንበር
የማኅበሩ ጸሐፊ
የማኅበሩ የቁጥጥር ኮሚቴ
ምሥራቅ ጎጃም